ይታይሽ እንድትታይ

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ይምጣ፣ ቸኩያለሁ የሚል ይውጣ።

መናኸሪያዋ ከገበያዋ የሚሰፋ አንዲት የወረዳ ከተማ ነበረች። እዚያች ከተማ ውስጥ አቶ ታፈረ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠርተው፣ በቃኝ ብለው ቤታቸው የተቀመጡ፣ ኮታቸውን ሳይደርቡ ከደጅ የማይወጡ ሰው ናቸው። ስማቸው ታፈረ፣ ኑሯቸውም የታፈረ። የእኔ ተረት ግን ስላፈሩበት ቀን ነው። ምን ላድርግ፣ ሰው ተከብሮ በዋለበት ቀን የሚወራ ነገር አይገኝም።

አቶ ታፈረን አንዲት ትንሽ ነገር አማረቻቸው፤ ልጃቸውን ማየት። ልጃቸው ይታይሽ ትባላለች። እግር ኳስ እጫወታለሁ ብላ ከቤት ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ወጣች አልኩ እንጂ ያስወጧት እሳቸው ናቸው። "ሴት ልጅ በቁምጣ ሕዝብ ፊት ስትሮጥ ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!" ብለው፣ ያውም ዕድርተኛው በሙሉ በተሰበሰበበት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ አልተደዋወሉም።

አሁን ታዲያ የይታይሽ ቡድን ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚያደርገው ጨዋታ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል የሚል ወሬ ሰሙ። የሚያስተላልፈው ጣቢያ የሚከፈልበት ነው፤ በከተማዋ ያ ጣቢያ ያለው ጥሩነህ ዲሽ ቤት ብቻ ነው። ጥሩነህ ዲሽ ቤት ደግሞ ሰው አለ። አቶ ታፈረ ልጃቸውን ማየት እንጂ፣ ልጃቸውን ሲያዩ መታየት አልፈለጉም።

ረቡዕ ምሳቸውን በልተው በዚህ ሐሳብ ሲብሰለሰሉ ስልካቸው ላይ አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ። "ነጻ ቀጥታ! ሁሉንም ጨዋታ በስልክዎ!" ይላል። እዚህ ላይ እንዳትስቁባቸው። ሌላው ሰው ነጻ የሚል ሲያይ ክፍያ የለውም ማለት ነው ብሎ ያልፋል። አቶ ታፈረ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ "ነጻ ነህ" ሲሉ የኖሩት ተከሶ ቀርቦ፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ ጥፋት ያልተገኘበትን ሰው ነው። ቀጥታ የሚለውም በእሳቸው ቋንቋ ጠማማ ያልሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አፑ ነጻ የወጣ፣ ጠባዩም ቀጥ ያለ መሰላቸው። "ይሄማ ፍርድ ያገኘ ነገር ነው" አሉና ጫን የሚለውን ተጫኑ።

ስልኩ አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበና፣ "ይህ አፕ ከየት እንደመጣ አይታወቅም" የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቁጭ አለ። አቶ ታፈረ ደግመው ተጫኑ። ስልኩም ደግሞ እንቢ አለ። ስልኩ አልጭንም አለ፤ ይታይሽም አልታየችም።

ስልካቸውን ይዘው መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ወደምትጠግነው ወደ ትርንጎ ሄዱ። ትርንጎ አንዱን ስልክ ሆዱን ከፍታ እየቦረሸች ነበር።

"ትርንጎ፣ ልጄ፣ ይሄን ስልክ እስቲ እሺ አሰኚልኝ።"

ትርንጎ ስልኩን አየች፣ አቶ ታፈረን አየች፣ እንደገና ስልኩን አየች። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተሰረቀ ስርጭት ነው።"

"እንዴት ይሰረቃል? ነጻ ነው ይላል!"

"ነጻ ነኝ ያለውማ ራሱ ነው። ሌባ ሌባ ነኝ ብሎ ይለጥፋል እንዴ?" ብላ ብሩሿን አስቀመጠች። "ደግሞ እኔ ጥሩነህ ሳይፈቅድ ኳስ ለማንም ላላሳይ ሰው ፊት ቃል ገብቻለሁ። እርስዎ ያውቃሉ።"

አቶ ታፈረ የሚያውቁት አንድ ነገር እንዳለ ውልብ አለባቸው፤ ግን ማስታወስ አልፈለጉም። ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ። ጥሩነህ ካልፈቀደ ትርንጎ አልነካም አለች፤ ትርንጎ ካልነካች ስልኩ አልጭንም አለ፤ ይታይሽም አልታየችም።

ጥሩነህ ወለሉ ላይ ውሃ እየረጨ አግዳሚ ወንበሮቹን ይደረድራል። አቶ ታፈረ ግራ ቀኙን አይተው፣ ሰው አለመኖሩን አረጋግጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። ጥሩነህ ጆሮውን ያመነ አይመስልም።

"ምን ስልክ ውስጥ ያስገባዎታል ጋሼ? እዚሁ ገብተው አያዩም? ከፊት አስቀምጥዎታለሁ።"

"ሥራ አለብኝ።"

"ምን ሥራ?"

"ሥራ ነዋ!" አሉ አቶ ታፈረ። ሥራ ከተዉ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጥሩነህም ይህን ያውቃል፤ እሳቸውም ጥሩነህ እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ፊታቸው መሞቅ ጀመረ።

ጥሩነህ አንገቱን አከከ። "እኔ ጣቢያውን ሳስገባ ለሌላ አላስተላልፍም ብዬ ፈርሜያለሁ። ነገ 'አንተ ነህ የፈቀድከው' ቢሉኝስ? ሕግ የሚያውቅ ሰው ነውር የለውም ብሎ በወረቀት ያስፍርልኝ። ልየው ይጻፍልኝና ያን ጊዜ እፈቅዳለሁ።"

ልየው ካልጻፈ ጥሩነህ አልፈቅድም አለ፤ ጥሩነህ ካልፈቀደ ትርንጎ አልነካም አለች፤ ትርንጎ ካልነካች ስልኩ አልጭንም አለ፤ ይታይሽም አልታየችም።

ሰዓቱ ስምንት ሆኗል። ልየው ማለት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥሮ አቤቱታ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነው። አጠገቡ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ተራ ይጠብቃሉ። አቶ ታፈረ ተራቸውን ጠብቀው ተቀመጡ፤ በእሳቸው ዘመን ተራ የሚጠብቃቸው ሌላው ነበር።

"ጉዳዩ?" አለ ልየው ብዕሩን አንሥቶ።

"ያው… አንድ የማውቀው ሰው፣ በስልኩ ነጻ ቴሌቪዥን ማየት ይፈልጋል። ሕጋዊ ነው ብለህ እንድትጽፍለት ነው።"

"ሰውየው ዕድሜው?"

"ሸምገል ያለ ነው።"

"ሥራው?"

"ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?"

ልየው ኮታቸውን አየት አደረገና ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። "እኔ ከኪሴ ሕግ አላወጣም ጋሼ። እዚህች ከተማ በዚህ ነገር ላይ የተሰጠ አንድ ውሳኔ አለ። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ግልባጩ እዚሁ አለኝ። መዝገቡ ይቻላል ካለ እጽፋለሁ።"

መዝገቡ ካልፈቀደ ልየው አልጽፍም አለ፤ ልየው ካልጻፈ ጥሩነህ አልፈቅድም አለ፤ ጥሩነህ ካልፈቀደ ትርንጎ አልነካም አለች፤ ትርንጎ ካልነካች ስልኩ አልጭንም አለ፤ ይታይሽም አልታየችም።

ልየው ከማኅደሩ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። የአንባቢ ድምፅ አለው፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ።

"ከሳሽ ጥሩነህ። ተከሳሽ ትርንጎ። ተከሳሽ ከከሳሽ ዲሽ ላይ ገመድ ቀጥላ ስርጭቱን ለጎረቤት አድላለች። 'በነጻ ነው የሰጠኋቸው' ብላ ብትከራከርም፣ ባለቤቱ ያልፈቀደው ነገር ለተቀባዩ ነጻ ሊሆን አይችልም። የዘረጋውም ያየውም እኩል አጥፍቷል። ገመዱ ይቈረጥ። ተከሳሽም ሕዝብ በተሰበሰበበት ይቅርታ ትጠይቅ።" ልየው እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። "ፊርማ፣ የዳኛ ታፈረ።"

ዳኛው ካልሻሩት መዝገቡ አልለወጥም አለ፤ መዝገቡ ካልተለወጠ ልየው አልጽፍም አለ፤ ልየው ካልጻፈ ጥሩነህ አልፈቅድም አለ፤ ጥሩነህ ካልፈቀደ ትርንጎ አልነካም አለች፤ ትርንጎ ካልነካች ስልኩ አልጭንም አለ፤ ይታይሽም አልታየችም።

"እንግዲህ" አለ ልየው፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ "ዳኛው ምን ይላሉ?"

አቶ ታፈረ አፈሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ትርንጎ ያን ጊዜ በሰው መሐል ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፣ "አጥፍቻለሁ" ስትል ታየቻቸው። ሰው ይስቅ ነበር። እሳቸው ደግሞ ወንበራቸው ላይ ሆነው በራሳቸው ቀጥተኛነት ደስ ብሏቸው ነበር። ቅድም ሱቋ ገብተው ልጄ ሲሏት ይህ ሁሉ እንዴት እንደጠፋቸው ገረማቸው። አልጠፋቸውም ነበር፤ እሱ ነው የባሰ ያሳፈራቸው።

"አልሽረውም" አሉ በመጨረሻ። "ትክክል ነው የፈረድኩት።"

"ያ የማውቀው ሰው ያልኩህም እኔ ነኝ፣ ልየው።"

"አውቄያለሁ ጋሼ።"

"ነጻ ሲል ነጻ የወጣ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ። ትርንጎ ስትነግረኝ ግን ገብቶኛል። ገብቶኝም ነው እየዞርኩ ወረቀት የምለምነው።"

"ጥሩነህ ቤት ወንበር እያለልዎት?"

"ሰው ያየኛላ! ልጄን በኳስ ምክንያት አባርሬ፣ በዚያው ኳስ አፌን ከፍቼ ሰው ያየኛል። ስልክ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ የጥሩነህ ቴሌቪዥን አይገባም። ከተናገርኩት ነገር ተደብቄ ልጄን ሰርቄ ላያት ነበር።" "አፍሬ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። አፍሬ ነው።"

ይህች ቃል ከአፋቸው ስትወጣ የታሰረው ሁሉ ተፈታ። ዳኛው ሲያፍሩ መዝገቡ ተከደነ፤ መዝገቡ ሲከደን ልየው ተነሣ፤ ልየው ሲነሣ ጥሩነህ ወንበር ለቀቀ፤ ጥሩነህ ወንበር ሲለቅ ትርንጎ ሱቋን ዘጋች፤ ትርንጎ ሱቋን ስትዘጋ ስልኩ ኪስ ገባ።

እንዴት መሰላችሁ፤ ልየው ሸራውን ለባለጉዳዮቹ አደራ ብሎ እሳቸውን ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ዲሽ ቤቱ ሞልቷል። አቶ ታፈረ በር ላይ ቆመው መግቢያቸውን እንደማንኛውም ሰው ከፈሉ። ጥሩነህ የራሱን ወንበር ፊት ለፊት አኖረላቸው። ትርንጎም ኳስ ነገር ስለምትወድ መጥታ ጎናቸው ተቀመጠች።

"ትርንጎ" አሉ ወደ እሷ ዞር ብለው፣ "የዘረጋውም ያየውም እኩል ነው ብዬሽ ነበር። እኩል ነን።"

"ገና አላዩም እኮ ጋሼ" አለች ትርንጎ። ሳቋን ለመያዝ እየታገለች ነበር። "ይልቅ ዝም ብለው ይዩ፤ ሊጀምር ነው።"

ተጫዋቾቹ ተሰልፈዋል። ጋዜጠኛው እየጠራ ነው፤ ስም ከነአባት። "ቁጥር ዘጠኝ፣ መድኃኒት ጥላዬ። ቁጥር አሥር፣ አስካል ወንዴ። ቁጥር አሥራ አንድ፣ ይታይሽ።" ይህን ብሎ ወደምትቀጥለው አለፈ።

ይታይሽም ታየች። ቀጥናለች፣ ጠቁራለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች።

"ይታይሽ ማን?" አለ ከኋላ አንድ ሹፌር። "አባት የላትም እንዴ ይቺ?" ቤቱ ሳቀ።

ያን የተባረረች ዕለት አቶ ታፈረ ዕድርተኛው ከሰማው ሌላ፣ ደጃፍ ላይ ለብቻዋ ያሏት አንዲት ቃል ነበረች። ለማንም አልተናገሯትም፤ እኔም አሁን መናገሬ ነው። "ከእንግዲህ በስሜ አትጠሪ" ነበር ያሏት። ይታይሽም ያሉትን ሰምታ አልተጠራችም። የሌሎቹ ልጆች ሁሉ አባት ሲጠራ የእሷ ብቻ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ሳቁ አልፎ ጨዋታው ይጀመራል፣ ሰውም ይረሳል። አቶ ታፈረ ግን ተነሡ። ቁመታቸው ረዥም ነው፤ ቴሌቪዥኑን ከለሉት።

"ጋሼ፣ ከለሉን እኮ!" አለ ሹፌሩ።

"አባት አላት" አሉ አቶ ታፈረ። ፊታቸው እየነደደ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ይታይሽ ታፈረ ነው የምትባለው። ታፈረ እኔ ነኝ። ስሜን የከለከልኳትም እኔ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሹፌሩ ቀስ ብሎ፣ "እሺ ጋሼ፣ ይቀመጡና አብረን እንያት" አላቸው።

ተቀመጡ። ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ በግራ በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ ሥር ስትገባ ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "በርቺ ይታይሽ ታፈረ!" ብሎ ጮኸ። ልየው ተከተለ፣ ትርንጎም፣ ቤቱም በሙሉ፤ ይታይሽ ታፈረ፣ ይታይሽ ታፈረ አለ። አቶ ታፈረ ብቻ አልጮኹም። በሰው መሐል፣ እያፈሩ፣ አንገታቸውን ሳይደፉ ልጃቸውን አዩ።

ተረቴ አለቀች፤ የሰማ ለጎረቤቱ ይንገር፣ ያፈረ ለልጁ ይናገር።