ቋ የሚለው አጥንት

አንድ ጊዜ ቀበሮ ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ አህያ መጥታ ጅራቱን ረገጠችው።

«ዋይ! እመት አህያ፣ አታዪም እንዴ?»

«ውይ፣ ሞተህ መስሎኝ ነው አያ ቀበሮ! ደህና ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ መሬት ስሞ ይተኛል?»

«አልተኛሁም። ሽማግሌውን እየሰማሁ ነው።»

ሽማግሌው የሚሉት ከሜዳው ራስጌ የተቀመጠውን ጥቁር ተራራ ነው። ከአናቱ ጭስ አይጠፋም። ከሥሩ ፍል ውኃ ይፈልቃል፤ በፍል ውኃው ዙሪያ ደግሞ በበጋ እንኳ የማይደርቅ ሣር አለ። የአገሩ አውሬ ሁሉ የሚኖረው በዚያ ሣር ነው፤ ሣር የሚበላው ሣሩን እየበላ፣ ሣር የማይበላው ደግሞ ሣር የሚበላውን እያየ። ታዲያላችሁ ሰሞኑን መሬቱ አመል አውጥቷል። ትንሽ ይንቀጠቀጥና ያርፋል፤ ደግሞ ይነሳበታል፤ ወባ እንደያዘው ሰው።

«አምናም ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ትቶታል» አለች አህያ።

«ዘንድሮስ ይተወዋል ወይስ ይብስበታል? እኔ እኮ እሱን ነው ማወቅ የፈለግኩት። ደግሞ ከየት ነው የሚነሳው? እየቀረበን ነው ወይስ እየራቀን?»

«አንተ ምን ቸገረህ? ቀላል ነህ፣ ትሮጣለህ።» አህያ ዞር ብላ የገዛ ሆዷን አየችው። እርጉዝ ነበረች፤ ወሯ ገብቷል። «የሚጨንቀኝ እኔን ነው። ከሁሉም ቀድሜ መነሳት አለብኝ። ከፈነዳ በኋላ ከሆነ የሚነገረኝ አልደርስም፤ ብደርስም ልጄ አትደርስም።»

ይህች ነገር ቀበሮ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሬቱን የሚያዳምጠው ነገር ማወቅ ስለሚወድ ብቻ ነበር።

ቀበሮ ደግሞ አንዴ ነገር ከያዘው እንቅልፍ የለውም። ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ድንጋይ በጅማት ሰቀለ፤ ጅማቱ ተበጠሰ። እንጨት ሰቀለ፤ ድምፁ አልሰማ አለ። በመጨረሻ ከወንዝ ዳር አንድ የደረቀ የጎሽ ጭን አጥንት ጎትቶ አመጣና አንጠለጠለው። በግራና በቀኙ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆመ። ነፋስ እንዳይነካው ዙሪያውን በቁጥቋጦ አጠረ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አፈጠጠበት። እግሩ ሥር ምንም ሳይሰማው አጥንቱ ወዝወዝ አለና ድንጋዩን መታው። ቋ!

ቀበሮ ከተቀመጠበት ዘለለ። «እኔ ያልሰማሁትን እሱ ሰማ!»

አውሬው ተሰብስቦ ሲያይ ተሳሳቀ። ጦጣማ ከቅርንጫፍ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ኧረ ጉድ! ቀበሮ አጥንት ሰቅሎ ጠንቋይ ሆነላችሁ! ገበያዬ ይቀናል ወይ በሉት!»

አንበሳ ግን አልሳቀም። አጥንቱ አጠገብ ተቀምጦ ደጋግሞ ሰምቶት ነበር።

«ዝም በሉ!» አለ። «አልፎ አልፎ ቋ ሲል ብሉ፣ ጠጡ። ሲደጋግም ጆሮ ስጡ። እረፍት ካጣ ወደ ማዶው ጉብታ ትወጣላችሁ። ጥበቃው በተራ ነው።»

«በተራ ሲሉ ጃንሆይ…» ቀበሮ ጅብን በጎን አየው።

«ምን ታየኛለህ?» ጅብ ፀጉሩ ቆመ። «እኔ የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም? ተራዬን የሚነካ ወዮለት!»

«እውነቱን ነው። ተራ ተራ ነው» አለ አንበሳ።

ቀበሮ አልተከራከረም። ብልጥ አይደል? እሬት ቆርጦ አመጣና አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው። «እንግዲህ እንኳን ጅብ ዝንብም አያርፍበትም» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ብዙም ሳይቆይ አጥንቱ እረፍት አጣ። ቋ ቋ ቋ! አንበሳ አገሳና አውሬው ሁሉ ጉብታው ላይ ወጣ። ጉብታው ግን ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው። አህያ እዚያው ድንጋይ ላይ ወለደች፤ ቀጭን፣ ጆሮዋ ከራስዋ የሚበልጥ ውርንጭላ። ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ ደግሞ ወተት የለም። ውርንጭላዋ የደረቀ ጡት ስትስብ ትውላለች። ማጉረምረሙ ተጀመረ።

«ሽማግሌው ቢያንስ ያበላን ነበር» አለች ጦጣ። «ጠንቋዩ ነው ያስራበን።»

አጥንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኳኳ አድሮ ሲነጋ ተራው ለጅብ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ጅብ አፉን እየላሰ ጉብታውን ወጣ።

«ምሥራች! ዝም ብሏል! አንድም ቋ የለም!»

እልልታው ቀለጠ። አንበሳ «ውረዱ» ሳይል ግማሹ ወርዷል። ከሁሉም ፊት አህያ ነበረች፤ ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ ወደ ሣሩ።

ቀበሮ ብቻ ቀረ። ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ጉንፋን እንኳ ሲለቅ እያሳሳለ ነው የሚለቀው። ሌሊቱን ሲያንኳኳ ያደረ ነገር እንዴት በአንዴ ጭጭ ይላል? ታመመ ወይስ ዳነ? ደስ ብሎት ነው ወይስ አኩርፎ ነው? እየሮጠ ወደ ግራሩ ወረደ።

ሁለቱ ድንጋዮች እንደቆሙ ናቸው። በመካከላቸው ምንም የለም። ጅማቱም የለም።

ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈ። መሬቱ እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁሉም ጎንበስ ብሎ እየበላ ነው። «ጃንሆይ፣ ይውጡ! ሁላችሁም ውጡ!»

«መጣ ጠንቋዩ!» አለች ጦጣ።

«የጠባቂውን ቃል ሰምቻለሁ» አለ አንበሳ። «ዛሬ ተረኛው አንተ አይደለህም።»

ቀበሮ ጩኸት እንደማያዋጣው ገባው። «በላው» ቢል ጅብ «አልበላሁም» ብሎ ይምላል፤ ጅብ መሐላ መቼ ገዶት ያውቃል? ስለዚህ ጅብ አጠገብ ቁጭ አለና ድምፁን አለሰለሰ።

«አያ ጅቦ፣ መቼም የአጥንት ነገር ከአንተ ወዲያ አዋቂ የለም። እኔና ጦጣ ተከራክረን ነው። የዚያ የጎሽ ጭን የትኛው ጫፍ ነው የሚጥመው? የዳሌው ወይስ የጉልበቱ?»

«ምኑ ይጥማል!» ጅብ ምራቁን ተፋ። «እሬት ነው እንጂ! ተወልጄ እንደዚያ የመረረ አጥንት በልቼ አላውቅም። ጅማቱ ትንሽ ይሻላል።»

ሣሩ በየጉንጩ ውስጥ ቀረ።

«በላኸው?» አለ አንበሳ።

«ብበላስ ዋሸሁ እንዴ ጃንሆይ? ቋ አላለም ነው ያልኩት። ቋ ብሏል?»

አንበሳ አንዴ ብቻ አገሳ፤ አውሬው ሁሉ እየተራገጠ ወደ ጉብታው ነጎደ። መሬቱ አሁን ለሁሉም ይሰማል። ውርንጭላዋ ጉልበቷ ገና አልጠናም፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተንበረከከች። አህያ በአፍንጫዋ ገፋቻት፤ ቀበሮ ከኋላ በግንባሩ ገፋት። አልሆነም። ያኔ አንበሳ ተመልሶ መጣና ውርንጭላዋን በማጅራቷ አንጠልጥሏት ሮጠ።

አህያ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። «ጃንሆይ! በእናትዎ! በከንፈርዎ ይያዟት፣ በጥርስዎ አይደለም!» እያለች ከጎኑ ትጋልባለች። ንጉሡ ምን ብሎ ይመልስላት? አፉ ሙሉ ነው። ጅብ በሌላው ጎን እየሮጠ ውርንጭላዋን ሰረቅ አድርጎ ያያታል፤ ቀበሮ በመካከል ገብቶ ይሮጣል።

ጉብታው ላይ ወጥተው ገና ዞር ሳይሉ የተራራው ጎን ተሰነጠቀ። ፍል ውኃው እንደ ዛፍ ቆመ፤ ተከትሎት ቀይ ነገር ወጣና ሣሩን እየላሰ ሜዳውን ሞላው። አመዱ ፀሐይን ሸፈነ። አንበሳ ውርንጭላዋን መሬት አስቀመጠና ከምላሱ ላይ ፀጉር አራገፈ። አህያ ልጇን ከላይ እስከ ታች አሸተተቻት፤ የጎደለ የለም። ያቺ የበላቻት ጥቂት ሣር ወተት ሆና ነበርና ውርንጭላዋ ጡት ይዛ ቀረች።

ቀበሮ ወደ እሳቱ ያያል። «እኔ ከአናቱ የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር። ለምን በጎኑ ወጣ?»

«አሁን እሱን ነው የምትጠይቀው?» አህያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ልቅሶ ያደላ ነበር።

«ሌላ እሰቅላለሁ። ጠንካራ ጅማት አገኛለሁ፣ በድንጋይ አደርገዋለሁ። ጅብን ግን ከተራ አስወጣዋለሁ።»

«አጥንት አደራ ተሰጥቶት ጅብ ምን ያድርግ? ይጠብቅ። ይልቅስ ስማኝ አያ ቀበሮ» አለችው አህያ፣ «ጠባቂው ጅብም ይሁን ጃንሆይ፣ ሲመጣ ቋ አለ ወይ ብለህ አትጀምር፤ መጀመሪያ የተሰቀለው አለ ወይ በለው።»

ከዚህ የምንማረው፣ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለመሰማቱ ብቻውን ደህንነት ስላልሆነ፣ ዝምታን አምነን ከመተኛታችን በፊት የሚያስጠነቅቀን ነገር በቦታው መኖሩን ሄደን ማየት እንዳለብን ነው።