ቢተው በዳቦ ያወጣው ኩሽኔታ

ዱሮ ነው ልጆቼ፣ መኪና ሲመጣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ከኋላ ተከትሎ በሚሮጥበት ዘመን። ሰንበሌጥማ በምትባል መንደር ቢተው የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ ማጭድ ይስላል። ሰው ሥራውን ይወዳል፣ እሱን ግን ከደጅ አያሳልፈውም። ድግስ ሲኖር ድርሻውን በቅጠል አድርገው ከአጥር ውጭ ያቀብሉታል። ቢተውም አመስግኖ ይቀበላል።

አንድ ጊዜ ስንዱ የምትባል ሴት ምጥ ያዛት። አንድ ቀን አለፈ፣ ልጁ አልመጣም። ሁለተኛው ቀን ነጋ፣ ልጁ አልመጣም። ሐኪም ያለው በእግር የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው። መንደሩ ውስጥ አንዲት የጭነት መኪና ነበረች፤ እሷም ካምቢዮዋ ጮሆ ጮሆ ማርሽ አልገባ ብሏት ስንዱ ደጅ ቆማለች። ሾፌሩ ልሳነወርቅ ካምቢዮውን አውርዶ ፈታው። ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ሦስት የብረት ቀለበቶች፣ ኩሽኔታ የሚሏቸው፣ ተበልተዋል። አዲሶቹ በመኪናዋ ዕቃ ሳጥን አሉ። አሮጌዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ መንቀያውም ያለው ከተማ ነው።

"ቢተውን ጥሩት" አለ ልሳነወርቅ።

"ምጥ ከያዛት ሴት ደጅ ቀጥቃጭ ሊቆም?" አሉ ሽማግሌዎቹ።

በዚህ ክርክር ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ የስንዱ እናት እማማ የሻረግ ነጠላቸውን አደግድገው ራሳቸው ሄዱ።

"ልጄን አትርፍልኝ፣ አያ ቢተው።"

አያ ብሎ የጠራው ሰው ኖሮ ስለማያውቅ፣ ቢተው መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ሰው ፈለገ።

መጣ፣ አማተበ፣ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያው ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ ተጣብቋል። ልሳነወርቅ መዶሻ አነሳ።

"ተው፣ ዘንጉ ከተጎዳ አለቀልን" አለ ቢተው።

ከተሰበረ የመኪና ሞላ፣ ባሌስትራ ከሚሉት፣ ሁለት መንጠቆ ቀጠቀጠ። መሀላቸው ረጅም ብሎን አስገባ። ብሎኑን አጠበቀ፤ ኩሽኔታው ጭጭ አለ። አጠበቀ፤ ጭጭ አለ። አጠበቀ፤ ሲጥ ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው በካምቢዮው የብረት ሽፋን፣ ቤት በሚሉት ውስጥ፣ ተቀርቅሯል። መንጠቆው አልያዘውም። ቢተው ዙሪያውን ፍም ደረደረ፣ ወናፉን ነፋ።

"ልታቃጥልብኝ ነው?" አለ ልሳነወርቅ።

"ቤቱ ሲሞቅ ይሰፋል። ያኔ ይለቀዋል።"

ብረቱ ሲግል ገለበጡት። ኩሽኔታው ጠብ አለ።

ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፤ ግን ከኋላ ክፍት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብራለች። መንጠቆ አይገባባትም። እሳትም ሞከረ፣ እምቢ አለች። ከቤት የስንዱ ድምፅ እየደከመ መጣ። ቢተው ጉድጓዱን አየው፣ አየው።

"ዳቦ አላችሁ?" አለ።

"ሰውዬው ራበው" ብሎ አንዱ ሳቀ። "ሥራውን ሳይጨርስ።"

ዳቦ ያለው እማማ የሻረግ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ለማርያም ዝክር የተጋገረ፣ ገና ያልተባረከ። እማማ አማተቡ። ከዚያ "እሷም ወላጅ ናት፣ ታውቅልኛለች" ብለው በእጃቸው ቆርሰው ሰጡት።

ቢተው ዳቦውን በውሃ አርሶ ጉድጓዱን ጠቀጠቀው። የወይራ እንጨት በኩሽኔታዋ ቀዳዳ ልክ ጠረበ። አስገብቶ በመዶሻ መታ። ዳቦ ጨመረ፣ መታ። ዳቦ ጨመረ፣ መታ። የታመቀው ዳቦ መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታዋን ከኋላዋ ገፍቶ አወጣት። የሳቀው ሰው ጎንበስ ብሎ የፈሰሰውን ፍርፋሪ ለቀመ።

አዲሶቹ ገቡ፣ ካምቢዮው ተገጠመ፣ ስንዱን አሳፈሯት። ቢተው መኪናዋ ዳገቱን እስክትጨርስ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። አልጮኸችም። ያን ጊዜ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

በሄደች በአራተኛው ቀን ስንዱ ወንድ ልጅ አቅፋ ተመለሰች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መንደሩ ሁሉ እፎይ አለ።

በክርስትናው ቀን ቢተው እንደ ልማዱ ከአጥር ውጭ ቆመ። እማማ የሻረግ ወጥተው እጁን ይዘው አስገቡት፣ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡት፣ የዳቦውን ቢላዋ ሰጡት።

"አንተ ቁረስ" አሉት።

ቆረሰ። ሁሉም ከእጁ በላ።

ከዚያ ወዲህ በሰንበሌጥማ የክርስትና ዳቦ ቄስ ይባርከዋል፣ ቀጥቃጭ ይቆርሰዋል። ቢተው ካረፈ ስንት ዘመኑ። ዛሬም ቀጥቃጩ ሥራ ይዞት ከዘገየ፣ ቄሱም እንግዳውም ተርበው ይጠብቁታል፤ አንድ ሰው አያጉረመርምም።