እማማ ትርንጎ እና ዝቅ አልል ያለችው ፒካፕ

አንዲት ተረት አለችኝ፤ የፈለገ ጠጋ ብሎ ይስማት።

እማማ ትርንጎ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አልጋ ሠሪው ባላቸው ሲሞቱ አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ትተውላቸዋል። አሮጌ ናት ግን ቆንጆ፤ ፊቷ ክብ፣ ወንበሯ ሰፊ። ታዲያ ቁመቷ! መርገጫዋ ከእማማ ትርንጎ ጉልበት በላይ ነው። አምና ለክርስትና ሲሄዱ ጎረቤታቸው ጋሽ ሽብሩ በብብታቸው ይዘው አነሷቸውና፣ «ወይ ጉድ፣ ይቺ ጆንያ ከበደች!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ትርንጎ አልሳቁም።

«ከእንግዲህ ሰው አያነሳኝም» አሉ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እሑድ የእህታቸው ልጅ ሠርግ አለ። የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው፤ በራሳቸው እግር መሳፈር። ያ ካልሆነ ሠርጉ ይቀርባቸዋል።

«አንቺ» አሏት ፒካፕዋን፣ «ዝቅ በይልኝ።»

«ወድጄ መሰለዎት? ወጥሮ የያዘኝ ባሌስትራው ነው። እሱ ካልላላ ዝቅ አልልም።»

ከጎማው በላይ ዘጠኝ ቅጠል ብረት ሆኖ ወደተደራረበው ባሌስትራ ጎንበስ አሉ። «ባሌስትራ፣ ላላ በል፤ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም አለች።»

«አራት ቅጠል ቢነሳልኝ እላላለሁ። ግን የተሸከምኩትን ሻንሲ፣ የመኪናዋን አፅም፣ አይተውታል? አጥንቱን ዝገት በልቶታል። ደህና ሻንሲ ካልመጣ አልላላም።»

ሻንሲ ፍለጋ መካኒኩ ኑረዲን ጋ ሄዱ። ጋራዡ ውስጥ ሁለት አሮጌ ሻንሲ አለ። አንዱ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አንዱ ዝጎ ዶሮ ተኝቶበታል።

«ይሄን የሚያበራውን ይውሰዱ እማማ፤ ሙሽራ አይመስልም?»

«ሙሽራ በቀለም አይታወቅም» አሉና ከመቀነታቸው ሲባጎ ፈቱ። «ጫፉን ያዝ።»

ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ማዕዘኖች። የሚያበራው ላይ ሁለቱ ልክ በአራት ጣት ተበላለጠ፤ ጠማማ ነው። ዶሮዋን እሽ ብለው የዛገውን ለኩ። ልክ ነው፤ ዝገቱም ላይ ላዩን ብቻ ነው።

«ባሌ አልጋ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ማዕዘኑ ያልተካከለ አልጋ ሰው ይጥላል። መኪናም ያው ነው።»

«ኧረ እማማ፣ ጋራዥ ይክፈቱና እኔን ይቅጠሩኝ!»

እማማ ትርንጎም የዛገውን፣ «ሻንሲ፣ ግጠም፤ ባሌስትራው አልላላም፣ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም አሉ» አሉት።

«ስለመረጡኝ ደስ ብሎኛል። ግን ፒካፕዋ ስትወርድ የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው አክስል ወገቤን ይመታኛል። እዚያ ጋ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጦልኝ፣ በወፍራም ብረት ተደግፌ ካልተበየድኩ አልገጥምም።»

ወደ ብየዳው እሳት ዞሩ። «እሳት፣ ንደድ፤ ሻንሲው አልገጥምም፣ ባሌስትራው አልላላም፣ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም አሉ።»

«ያለ መብራት? መብራት ካልመጣ አልነድም።»

ቀና ብለው ሽቦውን አዩ። «መብራት፣ ና፤ እሳቱ አልነድም፣ ሻንሲው አልገጥምም፣ ባሌስትራው አልላላም፣ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም አሉ።»

«መጥቼ ነበር እኮ! የጋሽ ሽብሩ ዛፍ ሽቦዬ ላይ ተጋድሞ አስቀረኝ። ዛፉ ካልለቀቀኝ አልመጣም።»

ወደ ጋሽ ሽብሩ አጥር ሄዱ። «ዛፍ፣ ልቀቅ፤ መብራቱ አልመጣም፣ እሳቱ አልነድም፣ ሻንሲው አልገጥምም፣ ባሌስትራው አልላላም፣ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም አሉ።»

«እኔ ምን ላድርግ? የመብራት ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው ደጅ ቆመዋል። ጋሽ ሽብሩ በር ካልከፈቱላቸው ማን ይቆርጠኛል? አልለቅም።»

ሠራተኞቹ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ጋሽ ሽብሩ ከውስጥ ሆነው ጮኹ። «ጎረቤት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርክ ሳይለኝ፣ ዛሬ ለዛፌ ሲሆን አወቃችሁኝ? አልከፍትም!»

ሰማችሁ? ጋሽ ሽብሩ አልከፍትም፣ ዛፉ አልለቅም፣ መብራቱ አልመጣም፣ እሳቱ አልነድም፣ ሻንሲው አልገጥምም፣ ባሌስትራው አልላላም፣ ፒካፕዋ ዝቅ አልልም። ሠርጉ ደግሞ እሑድ ነው።

እውነት ነው፤ ከዚያች ከጆንያዋ ቀን ወዲህ እማማ ትርንጎ በዚህ አጥር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲባጎውን በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ጠቀለሉ። ከዚያ ወደ በሩ ተጠጉ።

«ሽብሩ፣ እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ ቀስ ብሎ። መቀርቀሪያው ተሳበና በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ሽብሩ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ያን ቀን እርስዎን ሳነሳ ወገቤን ያዘኝ። ልጮህ ስል አፈርኩና በቀልድ ሸፈንኩት። ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም መኪና ላይ መውጣት አልችል፤ ሠርጉ ሊቀርብኝ ነው።»

እማማ ትርንጎ ትክ ብለው አዩዋቸው። «ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘህ ነው? በል ይቅር ብያለሁ፤ ክፈተው። የፒካፕዋ ወንበር ሁለታችንንም ይችላል።»

ያን ጊዜ በሩ ወለል አለ፣ ዛፉ ለቀቀ፣ መብራቱ መጣ፣ እሳቱ ነደደ፣ ሻንሲው ተቆርጦ ተበይዶ ገጠመ፣ ባሌስትራው አራት ቅጠል አራግፎ ላላ፣ ፒካፕዋም እንደ ጨዋ ልጅ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለች።

እሑድ ማለዳ ኑረዲን መሪውን ያዘ። እማማ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፉ። አንድ እግር፣ ሁለተኛ እግር፤ ገቡ። ማንም አልነካቸውም።

ጋሽ ሽብሩ ግን መርገጫውን እያዩ ቆሙ፤ ልማድ ሆኖባቸው ፈርተዋል።

እማማ ትርንጎ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «ግባ እንጂ! ወይስ እንደ ጆንያ ላንሳህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይህን ጊዜ እማማ ትርንጎም ሳቁ። ጋሽ ሽብሩም በእግራቸው ገቡ።

ተረቴ ሠርግ ቤት ደርሳ ቆማለች፤ እናንተም በእግራችሁ ውረዱ።