አሥራ ሁለት ወፎች ያሉት ማንኪያ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት፣ በአንድ የወይራ ደን ውስጥ አንዲት ወጣት ጉሬዛ ትኖር ነበር። ጉሬዛ አውራ ጣት የላትም፤ ይህችኛዋ ግን በአራት ጣቶቿ ጠርባ የምትሠራው ማንኪያና ጭልፋ አገር ያስደንቅ ነበር። ለአጭር አፍ ጎድጓዳውን፣ ለረጅም መንቁር ቀጭኑን እያለች፣ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ትፈጥራለች። ሙገሳም ትወድዳለች።

አንድ ማለዳ ዝሆኖች በሰልፍ ወደ ዛፏ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ጎረምሳ ኩምቢው በአዳኝ የሽቦ ወጥመድ ተይዞ ከግማሹ ተቆርጧል። ቁስሉ ደርቋል፤ ነገር ግን ሣር መንጨት፣ ቅጠል መሸምጠጥ አይችልም። ተንበርክኮ እንዳይግጥ ረጃጅም ጥርሶቹ መሬቱን ቀድመው ይነካሉ። ዝንጀሮዎች ፍሬ እየለቀሙ ያጎርሱታል፤ የዝሆን ሆድ ግን በጉርሻ አይሞላም።

የመንጋው መሪ እናቱ ነበረች። ከዛፉ ሥር ቆማ ጉሬዛዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ኩሬው ሊደርቅ ነው። ሲደርቅ ወንዝ ፍለጋ እንሄዳለን። ሕፃናት ይዣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መቆየት አልችልም። ይህ ልጅ አብሮን እንዲሄድ መብላት አለበት። በራሱ የሚበላበት አንድ ነገር ሥሪለት።»

«እሠራለታለሁ፣ እናቴ! ማንም አይቶት የማያውቅ ማንኪያ ነው የምሠራለት» አለች ጉሬዛ።

በዚያው ዕለት ማንኪያው ቅርጽ ያዘ። እጀታውን ስታለሰልስ ቀበሮ ብቅ አለ።

«እመት ጉሬዛ፣ እጅሽ ይባረክ! ግን እንዲህ ያለ እጀታ ባዶውን ይቀራል እንዴ? አንድ ወፍ ቢቀረጽበት እኮ ደኑ ሁሉ ስምሽን ይጠራ ነበር።»

ደስ አላትና አንድ ወፍ ቀረጸች። በማግሥቱ ቀበሮ ተመልሶ መጣ። «ብቻውን ምን ያደርጋል? ጓደኛ ጨምሪለት» አላት። ጨመረችለት። እንዲህ እያለ በየቀኑ ይመጣል፤ ላባውን ያደንቃል፣ ክንፉን ያደንቃል። እሷም በቀን አንድ ወፍ ትቀርጻለች። ዝሆኑ ከዛፏ ላይ ይታያት ነበር። መጀመሪያ ቆሞ ይጠብቃል፤ በኋላ ግንድ ተደግፎ። «ነገ አደርስለታለሁ» ትላለች ለራሷ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጅብ ለሃጩን እያዝረበረበ መጣ።

«እመት ጉሬዛ፣ እባክሽ አትቸኩዪ፤ ወፎቹ ገና ጥቂት ናቸው።»

«አያ ጅቦ! አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅርጽ የወደድከው?»

«ኧረ ቅርጽ ምን ያደርግልኛል! ቀበሮ ነው እንጂ፣ ‹ዝሆኑ እስኪወድቅ እኔ ሥራ አስይዛታለሁ፤ አንተ ደግሞ ጉበቱን ትሰጠኛለህ› ያለኝ። ዘመዶቼንም ጠርቻለሁ።» ይህን ብሎ ድንገት አፉን በእግሩ ያዘ። «ውይ! ለእሷ እንዳትነግራት ብሎኝ ነበር!»

ጉሬዛ ክው አለች። ማንኪያውን ታቅፋ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች ወረደች። ዝሆኑ በጎኑ ተኝቷል። ኩሬው ደርቆ ጭቃው ተሰነጣጥቋል። መንጋው የለም።

«እናትህስ?»

«ትናንት ሄደች» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ማንኪያውን አስያዘችው። ልስልሱ እጀታ ከቆራጣው ኩምቢ ተንሸራቶ ወደቀ። ደግማ አስያዘችው፤ ደግሞ ወደቀ። ያን ሁሉ ቀን እጀታውን የለካችው በገዛ እጇ ነበር፤ የእሱን ኩምቢ አንዴም ዳስሳ አታውቅም።

ማንኪያውን ጥላ ሮጠች። ደረቅ ቅል ለሁለት ሰነጠቀች፤ የግራር ልጥ ላጠች፤ ቅሉን በኩምቢው ጫፍ ላይ ጠምጥማ አሰረችው። ወፍ የለው፣ ልስላሴ የለው። ዝሆኑ ዝንጀሮዎች የከመሩለትን ፍሬ በቅሉ ዛቀ፤ ወደ አፉ አደረሰ፤ ዋጠ። ደግሞ ዛቀ። ጅብና ዘመዶቹ ማዶ ተኮልኩለው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ዝሆኑ ተንገዳግዶ ሲነሣ ባዩ ጊዜ ግን ቀበሮን ሊበሉት እያሳደዱ ሄዱ።

ጉሬዛ ከእግሩ ሥር ተቀመጠች። «ይቅር በለኝ» አለችው።

ዝሆኑ የታሰረለትን ቅል ወደ ዓይኑ ቀና አድርጎ አየው። ከዚያ፣ «ይህን ቅል ለማሰር ምን ያህል ፈጀብሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ከረፋድ እስከ ቀትር።»

«እናቴ አሥራ ሁለት ቀን ጠበቀችኝ» አለ። «አንቺ አሥራ ሁለት ወፍ ቀረጽሽ።»

ሌላ ወቀሳ አልጨመረም። ወር ሙሉ በልቶ ሲጠነክር፣ ቅሉን እንዳሰረ እናቱ በሄደችበት አቅጣጫ ሄደ። በመሐሉ ዝናብ ጥሎ ኩሬውን ቢሞላም ዱካዋን ግን አጥቦት ነበር። ያግኛት አያግኛት ከዚያ ደን ያወቀ የለም።

ጉሬዛ ሥራዋን አልተወችም። እጁ የሰለለ ዝንጀሮም፣ ጥርሱ የረገፈ ከርከሮም ወደ እሷ ይመጣሉ። እሷም ቢላዋዋን ሳታነሣ፣ እንጨት ሳትመርጥ፣ ቀርባ የተጎዳውን አካል እየዳሰሰች አስቀድማ ትጠይቃለች፦ «ከበላህ ስንት ቀን ሆነህ?»

ከዚህ የምንማረው፣ ለተቸገረ የሚሠራ ብልህ እጅ፣ ሥራው ምን ያህል እንደሚያምር ከማሰቡ በፊት ችግረኛው ምን ያህል መቆየት እንደሚችል ማወቅ እንዳለበት ነው።