የንብ አናቢው ለቅሶ

አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ነበሩ፤ አያ ደምሌ ይባላሉ። ማራቸውን ከተማ ወስዶ የሚሸጥላቸው ይርጋ የሚባል ነጋዴ ነበር። ይርጋ መጀመሪያ ለደንበኞቹ በኢሜይል የሚልከው ያው የነጋዴ ሁሉ ጩኸት ነበር፦ «ቅናሽ! ዛሬ ብቻ! እንዳያመልጥዎ!» ማን ያነበዋል? ሳይከፍቱት ያጠፉታል።

አንድ ቀን ግን ከአያ ደምሌ ጋር ውሎ ያየውን ጻፈ። ጉንዳን ቀፎውን እንዳይወርርባቸው ዛፉ ሥር አመድ ሲነሰንሱ፣ ንቦቹን «እናንተ ባለጌዎች፣ እኔን ነው የምትነድፉት?» እያሉ ሲቆጡ፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለውን ዳገት ሲወጡ ጉልበታቸው እንዴት እንደሚያስቸግራቸው። የመንደሩን ስም ሳይቀር ለደንበኞቹ ነገራቸው። ስለ ማሩ የጻፈው መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበር። ሰው አንብቦ ዝም አላለም፤ «የአያ ጉልበት እንዴት ሆነ?» እያለ ይመልስለት ጀመር። ወይዘሮ እቴነሽ የሚባሉ ደንበኛማ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ጋቢ ላኩላቸው። ይርጋም አደረሰ። ማሩ ተሸጠ፤ አያ ደምሌም በማያውቁት ከተማ ዘመድ አፈሩ።

የሚያናድደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይርጋ ታሪክ እንደሚሸጥ ገባው፤ ለምን እንደሚሸጥ ግን አልገባውም። አንድ ክረምት ማሩ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠበትና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አያ ደምሌ ትናንት አረፉ። ይህ የመጨረሻ ማራቸው ነው። ሳያልቅ ይዘዙ።» ጉድ እኮ ነው። ያበላውን ሰው በቁሙ ቀበረው። ማሩ በዚያው ቀን አለቀ።

ነገሩ ግን አላለቀም። እንደዚህ ያለው ሰው ለማን እንደሚጽፍ እንኳ ይረሳል። በእኛ አገር ሞት የሰማ ሰው ማር አዝዞ ዝም አይልም፤ ለቅሶ ይደርሳል። ደንበኞቹ ተጠራርተው ሚኒባስ ተከራዩ። መንገድ እንዲያሳያቸው ቢደውሉለት ስልኩን ዘጋ። እሱ ቢዘጋም የድሮ ጽሑፎቹ ነበሩ፤ እውነተኞች ስለነበሩ ድልድዩም ዳገቱም የተጻፉበት ቦታ ተገኙ።

አያ ደምሌ ቀፎ ሥር ሳሉ ዳገቱን እየወጣ የሚመጣ ለቅሶ ሰሙ። ጎረቤት የሞተ መስሏቸው ጋቢያቸውን ደርበው እየተጣደፉ ወረዱ።

«እግዜር ያጥናችሁ፤ ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«አያ ደምሌ፣ ንብ አናቢው» አለ አንዱ እንባውን እየጠረገ።

ወይዘሮ እቴነሽ ግን ለቅሷቸውን አቆሙ። ዓይናቸው ጋቢው ጥለት ላይ ቀርቷል። «ይህ እኔ የላክሁት ጋቢ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው። አንዳንዱ ሽማግሌውን አቅፎ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ይርጋን ረገመ። ወይዘሮ እቴነሽ ለለቅሶው የያዙትን ንፍሮ መሬት አስቀምጠው፣ «ደረቴን የደቃሁት ለማስታወቂያ ነው?» አሉ።

በማግሥቱ ይርጋ አቀርቅሮ መጣ። «አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእርስዎም ብዬ ነበር፤ ማሩ እኮ አለቀ።»

አያ ደምሌ በዕድሜያቸው እንዲህ ተቆጥተው አያውቁም። «ማሬንማ ድሮም ትሸጥልኝ ነበር። አሁን የሸጥኸው አልቃሾቼን ነው። እኔ የሚቀብረኝ ልጅ የለኝም፤ እነዚያ ሰዎች ለእኔ ብለው ዳገት ወጡ። ነገ የእውነት ስሞት ማን ያምንሃል? ማንስ ይመጣልኛል?»

ከዚያ ወዲያ አያ ደምሌ አንድ ማንኪያ ማር አልሰጡትም።

ከጊዜ በኋላ አያ ደምሌ የእውነት አረፉ። ይርጋም አዝኖ ጻፈ። ደንበኞቹ ግን «ደግሞ ማር ተርፎት ነው» ብለው ሳይከፍቱት አጠፉት። ከከተማ አንድም ሰው አልመጣም። የመንደሩ ሰው ያንኑ ጋቢ አልብሶ ቀበራቸው።

ታሪክ እየነገሩ መሸጥ ነውር የለበትም። ሰው ከአንተ የሚገዛው ከታሪኩ ጀርባ እውነተኛ ሰው አለ ብሎ ስለሚያምንህ ነው፤ ያንን እምነት አንዴ ከቸረቸርከው በኋላ እውነት ብትናገር እንኳ የሚሰማህ አታገኝም። ጦሱም ለአንተ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ለጻፍክበት ሰው ጭምር ነው። እስቲ ለደንበኛህ ስትጽፍ ይህን ራስህን ጠይቅ፦ ያነበበው ሰው ዛሬውኑ ተነሥቶ ቢመጣ፣ የጻፍከውን ያገኘዋል?