የአቶ ጓንጉል ሦስት ምሳሌዎች

አንዳንዱ ነገር ላይ ተሳስቼ ይሆናል፤ እንደማስታውሰው ግን እንዲህ ነበር። አቶ ጓንጉል የተባሉ ሱፐርቫይዘር የአሥረኛ ክፍልን ትምህርት ሊገመግሙ መጥተው፣ ሳምንቱን ሙሉ የኋላ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። ረቡዕ ዕለት አንዲት ምላሰኛ ተማሪ፣ ሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ሲደመሩ ምንጊዜም ተጋማሽ ቁጥር እንደሚሰጡ እንድታረጋግጥ ለፈተና ሰሌዳ ፊት ወጣች። 2ሀ + 1 እና 2ለ + 1 ብላ ደምራ 2(ሀ + ለ + 1) ላይ ስትደርስ፣ አቶ ጓንጉል ከእንቅልፋቸው ባነኑ።

«ምንድን ነው ይሄ ፊደል ቆጠራ? የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው እንዴ?» ብለው ጠመኔውን ነጠቋትና 3 + 5 = 8፣ 7 + 9 = 16፣ 11 + 13 = 24 ብለው ጻፉ። «በቃ! ሦስት ምሳሌ ካየሽ ተረጋገጠ ማለት ነው። የእኔ ማረጋገጫ ምን ጎደለው? አሁኑኑ ካልነገርሽኝ ዜሮሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ!»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፤ ድምሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ ከእነሱ ስህተት አይወጣም። ስለዚህ ወደ ሰውየው ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰኞ ፊዚክስ ላይ ተኙ። ማክሰኞ ታሪክ ላይ ተኙ። ዛሬም ሒሳብ ላይ ተኝተው ነበር። በእርስዎ ዘዴ ከሄድን፣ ክፍል በገቡ ቁጥር እንደሚተኙ ተረጋግጧል። በእኔ ዘዴ ከሄድን ግን ገና አልተረጋገጠም። የትኛው ይሻልዎታል?»

አቶ ጓንጉል ጠመኔውን መለሱላት። «ያንቺው ይሻላል» አሉ፤ ሙሉ ውጤቷንም አገኘች።

በኋላ አጣርቻለሁ፦ ሐሙስ ዕለት ኬሚስትሪ ላይም ተኝተዋል። ይህ ግን አራተኛ ምሳሌ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።