የአንጓች ጎረቤት ዓሣ አማራት

ልንገራችሁ? ንገሪን በሉኝ። ማን ነገረሽ? ጣና ነገረኝ። ጣናስ ከማን ሰማ? ከራሷ ከአንጓች አፍ!

ወይዘሮ አንጓች የጀልባ መቆሚያው ሰፈር ሰው ናት፤ ልብሷን የምታነጣ፣ ምላሷን የማትቆጥብ። ለልጇ ለመኳንንት ከደጋ ልጅ ታጨችለትና፣ የልጅቱ ወላጆች እሑድ ቤት ልናይ እንመጣለን ብለው ላኩ። አንጓች ደግሞ ቀድሞ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ጣና እኮ ጓሮዬ ነው! ዓሣ እስኪሰለቻችሁ ነው የማበላችሁ» ብላ ነበር። ማን ጠየቃት? ማንም።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ተነሣና ጣና ተናወጠ። ገበያው ላይ እንኳን ዓሣ ቅርፊቱም ጠፋ። አንጓች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወደ ዓሣ አጥማጁ ወደ ጋሽ ፈንቴ ወረደች።

«ጋሽ ፈንቴ፣ አንድ አምባዛ ባገኝ… ለእኔ እንኳ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ ዓሣ አማራት። ዓሣ ካልወጣ ጎረቤቴ አንገት ደፋች።»

«መረቤ ተቀዷል» አለ ጋሽ ፈንቴ። «ከድንጋዩ ላይ ሆኜ እንዳልጥል መንጠቆዬን ትናንት አንድ ጎረምሳ አምባዛ በጥሶ ይዞብኝ ሄደ። መንጠቆ አምጪና ለጎረቤትሽ ላውጣላት።» ጎረቤትሽ ሲል ከንፈሩን ነከሰ። ሳቁን ነው የነከሰው።

አንጓች ወደ ብረት ሠሪው ወደ ዳኘው ሄደች። «ዳኘው ወንድሜ፣ አንዲት ጎረቤቴ ዓሣ አማራት። መንጠቆ ካልተሠራ ዓሣ አይወጣ፤ ዓሣ ካልወጣ ጎረቤቴ አንገት ደፋች።»

«መንጠቆው ቀላል ነው፤ ምድጃው ግን በረዶ ሆኗል» አለ ዳኘው። «ከሰል አምጪ። ለመሆኑ የትኛዋ ጎረቤትሽ ናት?»

«አታውቃትም» አለች። እዚያ ሰፈር ዳኘው የማያውቀው ድመት እንኳ የለም።

ወደ ከሰል ሻጯ ወደ ጠጂቱ ስትሄድ፣ ውኃው ዳር የተኮለኮሉት ወጣቶች አዩዋትና «መንጠቆ መጣች! መንጠቆ መጣች!» ተባባሉ። በእኛ ሰፈር መንጠቆ ብዙ ነው። ለዓሣ አጥማጁ አምባዛ የምትይዘዋ ቆልማማ ብረት ናት። ለጀልበኛው ጫፉ ቆልማማ የሆነ ረጅም ዘንግ ነው፤ ጀልባውን ወደ ዳር የሚስብበት። ለወጣቶቹ ደግሞ ምላሷ ሰው የሚወጋ ሴት ማለት ነው። አንጓች የወጣላትን ስም ገና ያን ቀን ሰማችው። ጆሮዋ ጋለ፤ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ጠጂቱ እኅቴ፣ አንዲት ጎረቤቴ ዓሣ አማራት። ከሰል ካልመጣ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ መንጠቆ አይሠራ፤ መንጠቆ ካልተሠራ ዓሣ አይወጣ፤ ዓሣ ካልወጣ ጎረቤቴ አንገት ደፋች።»

«ውይ፣ አንቺ ለጎረቤት እንዲህ ትደክሚያለሽ እንዴ?» አለች ጠጂቱ። «ከሰሌ ማዶ ቀርቷል። ጀልባ ካሻገርሽ ውሰጂ።»

አንጓች ላብ በላብ ሆና ወደ ጀልበኛው ወደ ይስማው ደረሰች። ነፋሱ በረድ ብሏል፤ ወሬው ግን ቀድሟት ደርሷል።

«ይስማው ልጄ፣ አንዲት ጎረቤቴ…»

«ዓሣ አማራት» አለ ይስማው።

«አዎ። ጀልባ ካልተሻገረ ከሰል አይመጣ፤ ከሰል ካልመጣ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ መንጠቆ አይሠራ፤ መንጠቆ ካልተሠራ ዓሣ አይወጣ፤ ዓሣ ካልወጣ…»

«አንገት ደፋች። ገባኝ እትዬ። እኔ መሻገሩን እሻገር ነበር፤ ግን የማዶውን አለት የምይዝበት ዘንግ ከእጄ የለም። ነፋሱ ጣሪያዋን ሊጥልባት ሲል ለእትዬ ደብሬ ሰጥቻት ደግፋበታለች። እሷን ለምኛት።»

ይኼኔ አንጓች ነጠላዋን መልሳ እስከ ዓይኗ ሳበች።

እትዬ ደብሬ ዓሣ እየገፈፈች የምታድር መበለት ናት። ባለፈው ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ ከአንጓች አጠገብ ቁጭ ብትል፣ አንጓች ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እስቲ እልፍ በይልኝ፤ ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» አለቻት።  እትዬ ደብሬ በርጩማዋን አንሥታ ከድንኳኑ ውጪ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እኛም ሰማን፤ እኛም ዝም አልን።

አንጓች ከእትዬ ደብሬ ደጅ ቆመች። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ጀመረች፤

«እትዬ ደብሬ… አንዲት ጎረቤቴ ዓሣ አማራት። ዘንግ ካልተለቀቀ ጀልባ አይሻገር፤ ጀልባ ካልተሻገረ ከሰል አይመጣ፤ ከሰል ካልመጣ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ መንጠቆ አይሠራ፤ መንጠቆ ካልተሠራ ዓሣ አይወጣ፤ ዓሣ ካልወጣ ጎረቤቴ አንገት ደፋች።»

እትዬ ደብሬ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ዘንጉን ካነሣሁት ጣሪያው ይወርድብኛል። ያቺ ጎረቤትሽ ትምጣና፣ ዘንጉ እስኪመለስ ከእኔ ጋር በትከሻዋ ትደግፈው። ብቻ ንገሪያት፣ ቤቴ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

 አንጓች ጥላ ብትሄድ እንግዶቹን ምን ልታበላ ነው? ልጇስ በአማቶቹ ፊት የቀባጣሪ ልጅ ሊባል?

«ጎረቤት የለችም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። ዓሣውም ለእኔ ነው፤ ያን ቀን ያልኩሽም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ደብሬ። «በይ ግቢ፤ ትከሻሽን አምጪ።»

አንጓች ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ጥላሸት ከጠጣው ወራጅ ሥር ገባች። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆሙ። አንጓች ጣሪያ ደገፈች፤ ጣሪያው ዘንግ ለቀቀ፤ ዘንጉ ጀልባ አሻገረ፤ ጀልባው ከሰል አመጣ፤ ከሰሉ እሳት አነደደ፤ እሳቱ መንጠቆ ሠራ፤ መንጠቆው ዓሣ አወጣ፤ ያውም ክንድ የሚያህል አምባዛ! ያን ሁሉ ሰዓት ሰፈሩ በዚያ ደጅ አለፈ አገደመ። እኔም ጨው ልበደር ብዬ ሁለቴ አልፌያለሁ።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። አንጓች እትዬ ደብሬን እጇን ይዛ አምጥታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። የልጅቱ እናት ጣቷን እየላሰች፣ «በዚህ ሁሉ ነፋስ ይህን ዓሣ እንዴት አገኛችሁት?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ፈንቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ይስማው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንጓች የያዘችው ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ደብሬ፣ ረጋ ብላ። «እኔ ዓሣ አማረኝና፣ ለጎረቤቷ ብላ ስትንከራተት ዋለች።»

አንጓች ያን ጊዜ ያፈረችውን ማፈር፣ ቅዳሜን ሙሉ ደጅ ለደጅ ስትዞር አላፈረችውም። የያዘችውን ጉርሻ ለእትዬ ደብሬ አጎረሰቻት። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ አልጠረገችውም።

ወሬዬን ለጣና መልሱ፣ አፌን በእፍኝ ውኃ አብሱ።